ኮፈኑ ላይ የተቀመጡት ሰው

ጎማ ሲገዛ ጣቱን በጎማው ጥርስ መሃል አስገብቶ ጥልቀቱን የሚለካ ሰው ሳይ፣ ከተቀመጥሁበት ብድግ ልልለት ይቃጣኛል። እውነቴን ነው። አብዛኞቻችን ጎማ የምንመርጠው እንደ በዓል ጫማ ነው። ያብረቀርቃል ወይ? ያምራል ወይ? ጎረቤት ያየዋል ወይ? መሬቱስ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ የለም። መሬቱ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም። ዝም ብሎ ክረምትን ይጠብቃል።

አንድ የሒሳብ መምህር ጓደኛ አለኝ። ጎማውን በጫማ ቀለም ወልውሎ ለክርስትና ወደ ይፋግ ሄደ። እዚያ ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ ነው። መንገዱ ትንሽ ረጠብ ብሎ ጠበቀው፤ መኪናው ተንሸራትታ ከነጌጧ ማሳው ውስጥ ገባች። ባለማሳው እየሮጠ መጥቶ ያዘነው ለሩዙ ሳይሆን ለዚያ ለተወለወለ ጎማ ነበር አሉ።

ባሕር ዳርን በበጋ ብቻ ያየ ሰው ክረምቷን አያውቃትም። የመጀመሪያው ካፊያ ጣል ሲያደርግ፣ አስፋልቱ ላይ የከረመው አቧራና የዘይት ጠብታ ይለወስና መንገዱ ሳሙና የተቀባ ይመስላል። አንድ ቀን በባጃጅ ወደ ዘንዘልማ ስሄድ፣ ሾፌሩ ፍሬን ነካ ከማድረጉ ባጃጇ ዞረች። ዞራ ዞራ ፊቷን ወደ መጣንበት አድርጋ ቆመች። እኔ ነፍሴ ወጥታ ልትመለስ ስትል፣ ሾፌሩ አንገቱን መለስ አድርጎ፣ ዘንዘልማን ትቼ ወደ ከተማ እመለስ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ እርጋታ ከየት ይገኛል? ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ጎማ ነው፤ ግን ስለዚህ ስለ እርጋታም ነው።

እኔ በአንድ ኮሌጅ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከማስተምረው ሁሉ የምወደው ምዕራፍ ሰበቃ ነው። ሁለት ነገር ሲነካካ እንዴት እንደሚያያዝ የሚነግረን ማለት ነው። ነገሩ አጭር ነው፤ አንደኛ የገጻቸው ሻካራነት፣ ሁለተኛ አንዱ ሌላውን የሚጫንበት ክብደት። አለቀ። ይህን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ጽፌም አጥፍቻለሁ። አሁን ሳስበው የጎበዝሁት ማጥፋቱ ላይ ነው።

ትንሽ መኪናም አለችኝ። በፊት ጎማዋ የምትጎትት ናት። ሞተሯም ጉልበቷም ከፊት ነው፤ የኋላ ጎማዎቿ ተከታይ ናቸው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሰውም ነበረችኝ፤ ስመኝ። ከተማው ውስጥ አንድ ፋርማሲ ነው የምትሠራ። አባቷ አያ ፈንቴ ከቁንዝላ ወዲህ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልንጋባ ተስማምተን፣ ሽማግሌ የምልከው ለመስከረም ነው እያልሁ እዘገያለሁ። ሐምሌ ላይ አንድ ሐሙስ ስመኝ ደወለች። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ለሚመጣው ሳይሆን ከዚያ ለሚቀጥለው እሁድ ቀን ቆርጧል። ያውም ባለ ሕንጻ፣ ባለ ትልቅ መኪና። አባቴ ቀድሞ የመጣን ያከብራል አለች። እኔ የምወደው አንተን ነው፣ ግን አባቴ አንድ ጊዜ ቃል ከሰጠ ቃሉን አላስበላውም አለች። ስልኩን ዘግቼ ቀን ቆጠርሁ፤ ልቀድመው የምችለው በፊታችን እሁድ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ቀረኝ።

ጎማዎቼ ደግሞ ጥርሳቸው አልቆ ሊሾ ሆነዋል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ጎሚስታው ይርጋ ዘንድ ሄድሁ። ይርጋ ዕድሜውን ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። መንገዴን ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ከጥግ ሁለት ጎማ አንከባልሎ አመጣ። ጠበብ ያሉ፣ ደረቅ ያሉ፣ ጥርሳቸው ትልልቅና የተራራቀ። ጭቃ ከጥርሱ መሃል ገብቶ የሚወጣበት ቦታ ይፈልጋል አለኝ፤ ጥርሱ የተጠጋጋ ጎማ አንድ ጊዜ ጭቃ ከጎረሰ አይተፋም። ያንተ መኪና ኑሮዋ በፊት እግሯ ነው፣ እነዚህን ከፊት እሰርላት አለኝ።

እኔን ምን ታየኝ? የአያ ፈንቴ ግቢ ታየኝ። መኪናዬ የትራክተር ጎማ አድርጋ ስትገባ ታየኝና አፈርሁ። ግድግዳው ላይ ሁለት ሰፋፊ ጎማዎች ተሰቅለዋል። ጥቁረታቸው ያብረቀርቃል፤ ጥርሳቸው እንደ ቀሚስ ጥለት ደቃቅ ነው። እነዚያን አልሁት። ለአስፋልት ናቸው አለኝ። ሰፊ ስለሆኑ የበለጠ ይይዛሉ ብዬ ተከራከርሁ። እኔ፣ የሰበቃ መምህሩ! ይርጋ ከግድግዳው አውርዶ አሰረልኝ። ልወጣ ስል ግን እንደ ንስሐ አባት በመስኮት ጎንበስ ብሎ መከረኝ፤ መሬቱ ሲከዳህ ነዳጅ አትጨምር፣ ከጎማው ትንሽ ንፋስ ቀንስ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ተነሣ። እሺ እሺ እያልሁ ሄድሁ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ?

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። ተናጋሪው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ የሠፈራችን የቅኔ መምህር፣ ቃል ከመናገራቸው በፊት ጥምጥማቸውን የሚያስተካክሉ። ሁለተኛው አከራዬ ጋሽ ግርማ ናቸው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ በነጭ ልብስ የማይደራደሩ። ሦስተኛው አጎቴ ናቸው። አጎቴ መኪና ውስጥ ከተቀመጡ ይተኛሉ። ሦስቱም እሁድ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው ሲወጡ ደስ የሚል ደመና ይመስሉ ነበር።

እንደምታውቁት አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ነውር ነው። ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል እንጂ። ግን በሐምሌ ጭቃ በዚያ መንገድ እነዳለሁ የሚል ሰው አጣን፤ የእኔ መኪና ፍሪሲዮን ደግሞ አመለኛ ነው፣ ከእኔ እግር በቀር አይሰማም። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና ፈረዱ። ሾፌር ነህ አሉኝ። ስም የለህም። ከመኪናው አትወርድም። ከተጠየቅኸው በላይ ቃል አይውጣህ። እንዲህ ሆኖ ለራሴ ሽምግልና ሾፌር ሆኜ ሄድሁ።

እስከ ዱርቤቴ አስፋልት ነው፤ አዲሶቹ ጎማዎች ምንጣፍ ላይ የሚሄዱ መሰሉ። ይርጋን በልቤ ታዘብሁት። ከዚያ ወደ ቁንዝላ ኮረኮንች ነው፤ እሱንም ቻሉ። አንዲት ዳገት ጨርሰን ብቅ ስንል ጣና ከፊታችን ተዘረጋ። ዝናቡ አባርቶ ነበርና ውሃውና ሰማዩ አንድ ሆነዋል፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም። መሪጌታ ሳይቀሩ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። አጎቴ ነቅተው አዩና፣ ተመስገን ብለው ተመልሰው ተኙ። ይህን ሐይቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ባየሁት ቁጥር እንደ እንግዳ ሰው አፌን እከፍታለሁ።

ወደ መንደሯ ስንታጠፍ ዋልካው ጠበቀን። ዋልካን ታውቁታላችሁ? በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ፣ በክረምት ግን የያዘውን የማይለቅ ጥቁር አፈር ነው። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄድን መኪናዋ ወገቧን ነቅነቅ አደረገችና ቆመች። ነዳጅ ጨመርሁ። የፊት ጎማዎቹ በኃይል ይዞራሉ፣ እኛ ግን እዚያው ነን። በመስኮት ብቅ ብዬ አየሁ። ያ የጥለት ጥርስ የለም። ጭቃው ሞልቶት ጎማው ድቡልቡል የጭቃ ዳቦ ሆኗል። እንደገና ረገጥሁ። ለምን? ሰው መልስ ሲያጣ ድምፁን ከፍ ያደርግ የለ? እንደዚያ ነው። በረገጥሁ ቁጥር ጎማው ጉድጓዱን እየቆፈረ ወረደ።

መሪጌታና ጋሽ ግርማ ልብሳቸውን ሰብስበው ወረዱ። አጎቴ አልነቁም። ከቅዳሴ የሚመለሱ ጎረምሶች አይተውን እየሮጡ መጡ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በዚያ አገር መኪና ማለት የጭነት መኪና ነው። የጭነት መኪና ጉልበቱ ከኋላ ነው። ስለዚህ ጭቃ ሲይዘው አገሬው ኋላው ላይ ወጥቶ ይጫንለታል፤ ጎማው መሬት ይነክስና ይወጣል። ሲያደርጉት የኖሩት ይህንን ነው። አምስት ጎረምሳ በአንድ ጊዜ መኪናዬ ኋላ ላይ ተቀመጠ። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና አለ። የሚጎትቱት ጎማዎች ቀለሉ ማለት ነው። እኔስ? እኔማ እሰይ አልሁ። እኔም ሲደረግ ያየሁት ይህንኑ ነው። ክብደት ያረፈበት ጎማ ነው የሚይዘው ብዬ ፈተና የማወጣው ሰው፣ ክብደት በሌለው ጎማ ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥሁት።

ጭቃው ተነሣ። ሽማግሌዎቼ ከኋላው በር አጠገብ ቆመው ነበር። ጋሽ ግርማ ዕድሜያቸውን በሙሉ ነጭ ሲጠብቁ ኖረው በአንድ አፍታ ጠቆሩ። የመሪጌታ ፊት ግማሹ ጠፋ፤ ጥምጥማቸውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ሲሰዱ ያገኙት ጭቃ ነበር። ንጹሕ የቀሩት መኪናው ውስጥ የተኙት አጎቴ ብቻ ናቸው።

 ጭቃ የለበሰ ሽማግሌ ለሴት ልጅ ጥያቄ በማን ደጅ ይቆማል? ብንመለስ ደግሞ የሚቀጥለው እሁድ የባለ ሕንጻው ነው። ስመኝ ሄደች ማለት ነው፤ በሁለት ጎማ ምክንያት።

ይህን ሳስብ ጎረምሶቹ ድንገት አንገታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ቀና ስል አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ። ትልቅ ስላችሁ በዕድሜም በአካልም ነው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ በአንድ እጃቸው ጥቁር ጃንጥላ፣ በሌላው ዱላ ይዘዋል። አረማመዳቸው ገረመኝ። እግራቸውን አይወረውሩም፤ ያስቀምጡታል። ካስቀመጡት በኋላ ክብደታቸውን ቀስ ብለው ይለቁበታል። እኛን የሚውጠን ጭቃ እሳቸውን ይሸከማል። ፊታቸው ሲቀርብ አወቅኋቸው። በስመኝ ስልክ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ፊት ነው። አያ ፈንቴ!

ሽማግሌዎቼ አያውቋቸውም። እኔ ደግሞ ስም የለሽ ሾፌር ነኝ፤ ቃል አይውጣህ ተብያለሁ። መሪጌታ ከጭቃው ሥር ሰላምታ አቀረቡ። ሾፌራችን እንዲህ አድርጎን ነው አሉ፤ ወደ አያ ፈንቴ ቤት እንደምንሄድም ተናገሩ። ሰውዬው «አደርሳችኋለሁ» ብቻ አሉ።

መጀመሪያ ዱላቸውን ጭቃው ውስጥ ሰደዱት። ክንድ ያህል ገብቶ ቆመ። ከሥሩ ደረቅ አለ አሉ፣ ለራሳቸው። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ጎማዬን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

«ማነው ይህን ጎማ የመረጠ?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ይህ እኮ ድድ ነው። ጥርሱስ?»

 ነዳጁን ትንሽ ብቻ ንካው አሉኝ፤ ነካሁት። የቱ ጎማ እንደሚዞር አስተውለው አዩ። ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ።

«ውረዱ። በሬው ከፊት ነው። እናንት ዕርፉን ተጭናችሁ በሬው ምን ያድርግ?»

እስኪ ይህን ልብ በሉልኝ። መኪና ነድተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው አይተው፣ እኔ ሰሌዳ ሞልቼ የማልጨርሰውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ገበሬ ዕርፉን ሲጫን ማረሻው ወደ መሬት ይጠልቃል፣ በሬዎቹም ይከብዳቸዋል። አምስቱ ጎረምሶች መኪናዬን ያደረጓት ይህንኑ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ነበር። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል መገረሜ ከፍርሃቴ በለጠ።

ከአንድ ቤት ጥግ ለታንኳ መሥሪያ የሚሆን የደረቀ ደንገል ተከምሮ ነበር። ሁለት እቅፍ አስመጡ። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ጭቃውን አስጠርገው ደንገሉን በእጃቸው አነጠፉት። እኔም ያን ጊዜ የይርጋ ምክር ትዝ አለኝ። ከመኪናው አትወርድም የተባልሁትን ረስቼ ወረድሁና፣ ከሁለቱም ጎማ ትንሽ ትንሽ ንፋስ አስተነፈስሁ። አያ ፈንቴ ጢስ የሚለውን ድምፅ ሰምተው አዩኝ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ። ጎበዝ ማለታቸው ይሁን እስካሁን የት ነበርህ ማለታቸው ይሁን አላወቅሁም።

ቀጥሎ ያደረጉትን ለሰው ስነግር የሚያምነኝ የለም። ጃንጥላቸውን ለመሪጌታ አስያዙ። ነጠላቸውን ሰብስበው ኮፈኑ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው። መኪናዋ ከፊት ዝቅ አለች፤ የሚጎትቱት ጎማዎች ደንገሉን ተጭነው ተቀመጡ።

አስቡት እንግዲህ። ልጃቸውን ላስጠይቅ የመጣሁ ሰው ነኝ። እሳቸው ኮፈኑ ላይ፣ እኔ መሪው ኋላ፣ በመካከላችን አንድ መስታወት። ዓይን ለዓይን። ወዴት ልይ? መንገዱን ልይ ብል መንገዱን ሸፍነውታል። መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው ቀስ አሉኝ። ፊታቸው ላይ ምንም መቸኮል የለም። ያ የባጃጁ ሾፌር ትዝ አለኝ፤ እርጋታው እሳቸው ዘንድ ተምሮ የሄደ መሰለኝ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ጎማው አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ሊዞር አለና ያዘ።

ያንን መያዝ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በመሪው አልፎ እጄ ላይ መጣ። ጎማው መሬቱን አገኘው፣ መሬቱም አልካደውም። ያን ሁሉ ዓመት ሰበቃን ሳስተምር ኖሬ የተዋወቅነው ያን ቀን ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደብቃችሁም። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሰው ይህንንም አዩ።

ጭቃው እስከ ቤታቸው ነውና አልወረዱም። በዱላቸው ግራና ቀኝ እየጠቆሙኝ፣ እኔ በሰው እርምጃ እየነዳሁ፣ ጎረምሶቹና ሽማግሌዎቼ በእግር እየተከተሉን ሄድን። የሙሽራዋ አባት በአግቢው መኪና ኮፈን ላይ ተቀምጠው ሽማግሌ ሲመሩ በዚያ አገር ያን ቀን መጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ግቢያቸው ስንገባ የስመኝ እናት ከቤት ብቅ አሉ፤ ባላቸውን በመኪና አፍንጫ ላይ ሲያዩ አማተቡ።

መሪጌታ ደርሰው፣ የያዙት ጃንጥላ የማን እንደሆነ ሲገባቸው፣ ጥምጥማቸውን ሊያስተካክሉ ሞከሩና ተዉት። ግቡ ታጠቡ ተባሉ። አይገቡም። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። እንደ ቆሸሹ ደጁ ላይ ተሰለፉ። አጎቴም ያን ጊዜ ነቅተው ወረዱና ንጹሕ ነጭ ሆነው ከመካከላቸው ቆሙ። እኔ መኪናው ውስጥ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ጆሮ ብቻ ሆንሁ።

መሪጌታ ንግግር አሳመሩ። ግዕዙንም ጣል ጣል አደረጉበት። አያ ፈንቴ ልጁ ምን ይሠራል ሲሉ ፊዚክስ ያስተምራል አሏቸው። ፊዚክስ ምንድን ነው አሉ። መሪጌታ ፊዚክስ አያውቁም፣ ግን ቅኔ ያወቀ ሰው መልስ አያጣም። ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና እንዴት እንደሚቆም የሚመረምር ትምህርት ነው አሉ። አያ ፈንቴ ወደ መኪናዋ ዞረው ትንሽ አዩ።

«እንግዲያ ለዚህ ለሾፌራችሁም ያስተምርላችሁ።»

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም፣ ዘመድ ላማክርበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉ። ሁለት ሳምንት! በመሃሉ የባለ ሕንጻው እሁድ አለ። መሪጌታ ለመኑ፤ ጋሽ ግርማ ከነጭቃቸው ለመኑ። አያ ፈንቴ ፍንክች አላሉም። መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው አልሁ። ስመኝን ምን ብዬ ልነግራት እንደሆነ አስብ ጀመር።

«ሽማግሌስ አይቀምስም፤ ሥርዓት ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። «ሾፌሩ ግን ሽማግሌ አይደል። ይግባና ይብላ።»

መሪጌታ ምን ይበሉ? ሾፌራችን ነው ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሾፌር አይብላ የሚል ሥርዓት ደግሞ የለም።

ገባሁ። ታጠብሁ። የዓሣ ወጥ ቀረበ። ሽማግሌዎቼ ስለ እኔ ሊለምኑ መጥተው ደጅ ላይ ተርበው ቆመዋል፤ እኔ ውስጥ ተቀምጬ እበላለሁ።  አያ ፈንቴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል፤ አሁን መስታወቱም የለ። ጠቅልለው አጎረሱኝ። ደገሙኝ። ሦስተኛውን ስውጥ ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሏቸው። «ልጃችሁ እንጀራዬን በላ። ከእንግዲህ ምን እላለሁ?»

ልጃችሁ ነው ያሉት።  እኔ ከገበታው ላይ ተነሥቼ የአያ ፈንቴን ጉልበት ልስም ስጎነበስ፣ በክንዳቸው ያዙኝ።

የባለ ሕንጻው ሽማግሌዎች በእሁዱ መጡ። መኪናቸው አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ የጎማው ጥርስ እንደ መጋዝ። ዋልካውን እንደ አስፋልት አለፉት፤ ማንም ኮፈናቸው ላይ አልተቀመጠም። አያ ፈንቴ በክብር ተቀብለው ዘግይታችኋል አሏቸው። እንደ መጡ ንጹሕ ሆነው ተመለሱ።

ከሰርጉ በኋላ ይርጋ ዘንድ ሄጄ እነዚያን አስቀያሚ ጎማዎች ከፊት አሳሰርሁ። እንዴት እንደሚይዙ ብነግራችሁ! አሁን አማቴ ቤት በክረምትም ሳልቆም እደርሳለሁ። ባለፈው ክረምት አብረን ተቀምጠን ያን ቀን በምን እንዳወቁኝ ጠየቅኋቸው። ፎቶዬን አይተው ነበር? አላየሁም አሉ። ስመኝ ነግራዎት ነበር? አልነገረችኝም አሉ። ታዲያ በምን? ቸኩለው አይመልሱም፤ ወደ ጣና በኩል አይተው፣ ቆይተው ነው።

«ጉድጓዱን አይቼ ነው። ሾፌር ቢሆን፣ ጎማው ሲከዳው እግሩን ያነሣ ነበር። እንደዚያ አድርጎ እሚረግጥ ለሚስት የቸኮለ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ግዙ፣ ከፊት እሰሩት፣ ሲከዳችሁ እግራችሁን አንሡ። ሽማግሌ ልትልኩ ከሆነ ግን ወደ እኔ ኑ። እነዚያን ሁለት ሰፋፊ ጎማዎች አልጣልኋቸውም፤ አውሳችኋለሁ።